ቤት መምታት

አምስት ደቂቃ ሰጡኝ፣ ማይክ ፊት አቁመው፣
ጂፕሰም ያነጣውን ቱታዬን አይተው።
ከፊቴ መብራት አለ፤ አረንጓዴው "ተናገር"፣
ቢጫው "አሳጥር" ነው፣ ቀዩ "ይበቃል፣ ዞር"።

ከእኔ በፊት ግን የዓመቱ ሪፖርት ተነበበ፤
የኤድመንተን ምክር ቤት ስንት ቤት እንደ ሠራ፣ ስንት እንዳሰበ።
ወይዘሮ ፓቬልኮ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ፣
"ከዕቅዱ ስልሳ አንድ በመቶ!" አለች፣
ከኋላ ወንበር ሳይቀር ኩራቷ የሚታይ።
አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ ከልቤ፤
ከመዳፌ ጂፕሰም ቡን ብሎ ጸሐፊዋን አሳላት፣ አጠገቤ።

ውሸት የለበትም። ምስክር ነኝ፤ በእጄ ነው የለሰንኩት፣
በመቶ አስራ ስምንተኛው ጎዳና ባለ አራት ፎቁን የጨረስኩት፤
እኔና ዲዮስዳዶ፣ ስንጥቁን በቴፕ፣ ስፌቱን በስቱኮ፣
ሰባ ሁለት ክፍል። ቀላል አይደለም እኮ!

እኔም ተመዝግቤያለሁ፤ ሦስት ሺህ አርባ ነው ተራዬ።
ስመዘገብ ድዷን ነበር የምታሳየኝ ናርዶስ፣ ጨቅላዬ፤
አሁን የወለቀ ጥርሷን በክብሪት ቀፎ ታጠራቅማለች፣
የከተማውን ዓመት በጥርስ ትለካለች።

ደጅ መጥናት የአያቶች ነገር ይመስለኝ ነበር፣
ጌታው ከሰገነት፣ ባለጉዳዩ ከአጥር ሥር፤
እዚህ ደጁም የለ። በስልክ ነው የሚጠናው፣
ፒያኖ እየሰሙ፣ "ጥሪዎ ይጠቅመናል" እስኪል ሰውዬው።

እና አንድ ቅዳሜ፣ ፎርማኑ ሳያይ፣
ናርዶስን አስገባኋት ሦስት መቶ ሰባት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ።
ጂፕሰሙ አልተገጠመም፤ ማገሩ ራቁቱን፤
አቁሜያት በአናቷ ልክ በእርሳስ አሰመርኩ፣ ስሟን ጻፍኩ፣ ቀኑን፣
ቦርዱን ከደንኩበት። ብሎኑን አጠበቅኩ፣ አንድ በአንድ፣ ሁሉን።
"አባዬ፣ የእኛ ነው?"
"የሆነ ሰው ነው።"

ቁልፉ ለዶሪን ካርዲናል ወጣላት።
ክሪ ናት፤ ከተማው ሳይኖር መሬቱ ዘሯን የሚያውቃት፣
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በአያቶቿ አፈር ተራ ያስያዟት።
ቀናሁ። አልዋሽም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀናሁ።
በማግስቱ "በሯ አልገጥም ብሏል" ተብዬ መላጊያ ይዤ ወጣሁ፤
ሶፋ የለም፤ ወለሉ ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ ሁለት የልጅ ልጆች፣
ጫማቸውን አውልቀው የተኙ።
ጫማ አውልቆ መተኛት! መጠለያ ያደሩ ያውቁታል፤
እዚያ ጫማ ያወለቀ ባዶ እግሩን ይነጋበታል።
መላጊያዬን ቀስ ብዬ ገፋሁ፣ እንዳይነቁ።

ቢጫው በራ።
"ምክር ቤት" ልላቸው ነበር፣ "በእኔ ቋንቋ ስማችሁ
ምክርም ቤትም ነው፤ ምክሩን በቁና ሰፈራችሁ፣
ቤቱን በጭልፋ።" ልላቸው ነበር፣ በእኛ ዘንድ ግጥም ሲሰምር
"ቤት መታ" ይባላል፤ ያለ በጀት፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ መሐንዲስ ምክር
አርባ ቤት መትቼ አድራለሁ። ግን ማን ይተኛበታል?
እንግሊዝኛው ይህን አልሸከም አለ። ዘለልኩት። ሰዓቱ ይሄዳል።

"በአገሬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ" አልኩ፤
"እንቁላሉ ሄዷል፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቷል፤
ደረጃው ሥር እኔ ቀረሁ፣ እየቆጠርኩ።"
ሳቁ። ወይዘሮ ፓቬልኮ ጻፈች፤ ምን እንደ ጻፈች እንጃ።
ቀዩ በራ። "እናመሰግናለን። ቀጣይ።"

ውጭ ከዜሮ በታች ሰላሳ ሁለት ነው፤ አውቶቡሱ አልፎኛል።
ነገ በሰሜን በኩል ሌላ ሕንፃ ይጠብቀኛል፣
ማገሩ ገና ያልተሸፈነ፣ ሰማንያ አራት በር፤
ከጆሮዬ ጀርባ እርሳሴ፣ የተቀረጸ፣ ለማስመር።
ናርዶስ ሦስት ጣት አድጋለች።